የኤሲ ኢቫፖሬተር ሲበሳ፦ ርካሹን መርጦ መግዛት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲናን ያለፈ መንገደኛ ጋቢውን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ወሬው ሁሉ ስለ ሙቀት ነው። በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቤት ኤሲ፣ በተለይም ስለ ውስጠኛው ክፍል ማቀዝቀዣ ኮይል፣ ማለትም ስለ ኢቫፖሬተር የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። መኝታ ቤት ያለው 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ኤሲ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ጋዝ ተሞልቶለት ሁለቴም ወር ሳይሞላው ማቀዝቀዝ አቆመ። ባለሙያው «ኢቫፖሬተሩ ተበስቷል፣ ይቀየር» አለኝ። የፋብሪካው ዕቃ ዋጋው አይቀመስም። መርካቶ ግን በግማሽ ዋጋ እንደሚገኝ ሰምቻለሁ። ርካሹን ብገዛ ምን ይገጥመኛል? ስገዛስ ምን ልይ?

መልስ፦ ወደ ግዢው ከመሄድዎ በፊት ባለሙያው መበሳቱን በምን እንዳረጋገጠ ይጠይቁት። ጋዝ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ፍሌር ከሚባሉት የዳዶ መጋጠሚያዎች ነው። ያ ከሆነ የቱቦውን ጫፍ ቆርጦ እንደገና ማስፋት ይበቃል፤ ኮይል መግዛት አያስፈልግም። ሁለት ጊዜ ጋዝ ሞልቶ የሚያፈስበትን ቦታ ሳይፈልግ የሄደ ሰው ደግሞ በወንፊት ውሃ ቀድቶልዎታል።

ማረጋገጫው እንዲህ ነው። የቀረው ጋዝ ተሰብስቦ ሁለቱ ቱቦዎች ከውስጠኛው ክፍል ይፈታሉ። የኢቫፖሬተሩ አንዱ ጫፍ ይደፈንና በሌላው ደረቅ ናይትሮጅን በሬጉሌተር ይገባል። መጀመሪያ 150 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ላይ ቆም ብሎ መጋጠሚያውንና ኩርባዎቹን በሳሙና አረፋ መፈተሽ ነው። ምንም ካልታየ፣ ማሽኑ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ሳያልፉ ወደ 300 ከፍ አድርጎ ማሳደር ይገባል። ማታ ሲቀዘቅዝ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ትንሽ መውረዱ አያስደንግጥዎ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ 300 የነበረው ግፊት ምንም ሳያፈስ ወደ 290 ይወርዳል። በናይትሮጅን ፈንታ ኦክስጅን የሚሞላ ሰው ካጋጠመዎ ከቤት ያስወጡት። ኦክስጅን በግፊት ከኮምፕሬሰር (ጋዙን ከሚያምቀው ሞተር) ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጋዙን ኮምፕሬሰሩን እያስነሱ ወደ ውጪው ክፍል መሰብሰብ የተለመደ ነው። ነገር ግን ኮይሉ ተበስቶ ጋዙ ሊያልቅ በደረሰ ማሽን ላይ አይሠራም። ግፊቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ኮምፕሬሰሩ በቀዳዳው አየር ይስባል፤ አየርና ዘይት በከፍተኛ ግፊት ሲታመቁ ኮምፕሬሰሩ ቦምብ ሊሆን ይችላል።

ብሳቱ ከተረጋገጠ ወደ ገበያ ከመሄድዎ በፊት የሁለቱንም ክፍሎች ሰሌዳ በስልክ ፎቶ ያንሱ። ሞዴሉ፣ የጋዙ ዓይነትና መጠኑ፣ ከፍተኛው ግፊት እዚያ ላይ ተጽፈዋል። ቀጥሎ አሮጌው ኮይል ወርዶ በሜትር ይለካ፦ ርዝመቱ፣ የእያንዳንዱ እጥፋት ቁመት፣ የቱቦው ረድፍ ብዛት፣ የቱቦው ውፍረት። በአሁኑ ጊዜ የሚበዙት 7 ሚሊ ሜትር ወይም 5 ሚሊ ሜትር ቱቦ ያላቸው ናቸው። የግድግዳ ኤሲ ኮይል ማራገቢያውን እንደ ጣሪያ አቅፎ ስለሚቀመጥ የእጥፋቱ ማዕዘን ትንሽ ከተለየ ክዳኑ አይዘጋም፤ ወይም በስንጥቁ ያልቀዘቀዘ አየር ያልፋል። ቱቦዎቹ በቀኝ ይውጡ በግራ፣ የሙቀት ሴንሰሩ የሚገባባት ትንሽ ማቀፊያ የት እንዳለች፣ ጋዙ ሲገባ በስንት መስመር እንደሚከፈልም ይመልከቱ። በሁለት መስመር የሚከፈለውን በአንድ መስመር በሚሄድ ቢተኩት ግፊት ይባክናል፤ ብርዱም ይቀንሳል። አሮጌውን ኮይል ራሱን ጠቅልሎ ይዞ መሄድ ከሁሉም ይሻላል። በቱቦዎቹ ላይ የተደረደሩት ስስ ክንፎች ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ጓንት አይርሱ።

አሁን ወደ ዋጋው። ግማሽ ዋጋ የሚሆንበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ ቱቦው መዳብ ሳይሆን አሉሚኒየም ነው፤ ወይ ረድፉ አንሷል፤ ወይ ደግሞ ከመገናኛ ጅራቱ ጋር አይመጣም። ብዙ ገዢ የሚሸወደው በሦስተኛው ነው። ጅራት የምንለው ከኮይሉ ተነስተው ከጀርባ የሚወጡትን ሁለት ቱቦዎች ከነፍሌራቸው ነው። እነሱ ካሉ ሥራው በቁልፍ ማጥበቅ ብቻ ያልቃል። ከሌሉ ግን ከአሮጌው ተቆርጠው መበየድ አለባቸው፤ ሲበየድም በቱቦው ውስጥ ናይትሮጅን ቀስ እያለ መፍሰስ አለበት። ያለ ናይትሮጅን የተበየደ መዳብ ውስጡ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል፤ ያ ቅርፊት ሄዶ ጋዙን የሚያጠበውን ቀጭን ቱቦ፣ ካፒላሪውን፣ ይደፍናል። በኮይሉ የቆጠቡት ብር በብየዳው ይሄዳል።

ረድፉ ያነሰውን አይግዙ። አሉሚኒየሙ ግን በጥቅሉ መጥፎ ነው የሚሉትን አንቀበልም። ሙቀት በደንብ ያስተላልፋል፤ ድክመቱ ከተበሳ በተለመደው የመዳብ ዘንግ አለመበየዱ ነው። ሌላው ደካማ ቦታው ከመዳብ ጅራቱ ጋር የሚገናኝበት ነው። እዚያ እርጥበት ከገባ አሉሚኒየሙ ይበላል። ስለዚህ ፋብሪካው በጥቁር ሽፋን ይለብጠዋል፤ ሽፋኑ የተቀደደ ወይም የላላ ከሆነ ይተዉት። ነጋዴው «መዳብ ነው» ካለዎ ደግሞ ከጎን ካሉት ኩርባዎች አንዱን በጥፍር ቢላ በስሱ ይፋቁ። ቀይ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ከተፋቀ ነጭ ሆኖ ይታያል። ማግኔት እዚህ አይጠቅምም፤ ሁለቱንም አይስብም።

አዲስ ኮይል ከፋብሪካ ሲወጣ ጫፎቹ ታሽገው፣ ውስጡ ትንሽ ግፊት ተይዞ ነው። በሱቁ ውስጥ መድፈኛውን ላላ ሲያደርጉት «ፍስስ» ማለት አለበት። ዝም ካለ ወይ ተከፍቶ ነበር፣ ወይ ያፈሳል። ጥቂት ክንፎች ቢተኙ ግን ችግር የለውም፤ በማበጠሪያ ይነሳሉ።

ያገለገለ ኮይል ከተመሳሳይ ሞዴል ተፈቶ ከተገኘ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ግን ማሽኑ ለምን እንደተጣለ ይጠይቁ። ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሎ ከሆነ በቱቦው ውስጥ አሲድና ጥቀርሻ አለ፤ የእርስዎንም ኮምፕሬሰር ይገድለዋል።

በመጨረሻ ሒሳቡን ሲያወጡ ኮይሉን ብቻ አይቁጠሩ። ጋዝ፣ ናይትሮጅን፣ የእጅ ዋጋና የመርካቶ ምልልስ ተደምረው ከአዲስ ኤሲ ዋጋ ግማሹን ካለፉ፣ ስድስት ዓመት በሠራ ማሽን ላይ ባያወጡት እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ አጣዬ ነኝ። ኮይሉን ካስቀየርኩ አይቀር ለ12,000ው ማሽን የ18,000 ኮይል ባስገባ አይቀዘቅዝልኝም?

መልስ፦ አይቀዘቅዝም። ብርዱን የሚወስነው በዋናነት ኮምፕሬሰሩ ነው። በአብዛኞቹ የግድግዳ ኤሲዎች ጋዙን የሚያጠበው ካፒላሪ ወይም ቫልቭም ያለው በውጪው ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ኮይሉ ቢያድግም የሚደርሰው ጋዝ ያው ነው። የጋዙ ሚዛን ግን ይዛባል። የ18,000ው ኮይል ከነጭራሹ ቀፎው ውስጥ አይገባም።

ማጥበቢያው ውጪ በመሆኑ ቀጭኑም ቱቦ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ቱቦዎች ለየብቻ የስፖንጅ ሽፋን ይልበሱ። ወፍራሙ ብቻ ከተሸፈነ ቀጭኑ ያልበውና ግድግዳዎን ያበላሻል።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ሆኜ ወደ ቆላው እየወረድኩ የምሠራ የማቀዝቀዣ ባለሙያ ነኝ። አዲስ ኮይል ገጥሜ ቫኪዩም ሳደርግ (ውስጡ ያለውን አየር በፓምፕ ስስብ) ጌጁ ወደ 30 ኢንች አይደርስም፤ ሸዋ ሮቢት 25 ላይ፣ ደብረ ብርሃን 21 ላይ ይቆማል። ፓምፑ ደክሞ ነው?

መልስ፦ ፓምፑ ደህና ነው፤ ቦታው ከፍ ብሎ ነው። ጌጁ የሚያሳየው ውስጡ ከውጪው አየር ምን ያህል እንዳነሰ ነው። በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ስለሆነ መርፌው እስከዚያ ይወርዳል። 1,280 ሜትር አካባቢ ባለው ሸዋ ሮቢት የአየሩ ግፊት ራሱ 25.6 ያህል ነው፤ 2,840 ሜትር ላይ ባለው ደብረ ብርሃን ደግሞ 21 ገደማ። ከዚያ በላይ የሚሳብ ነገር የለም። ደብረ ብርሃን ላይ 29 የሚያሳይ ጌጅ ካለ የተበላሸው ጌጁ ነው።

ስለዚህ በእኛ አገር በመርፌ ጌጅ ቫኪዩም «ሞልቷል» ማለት አይቻልም። ውስጡ የቀረውን ግፊት በቀጥታ የሚለካውን የማይክሮን ጌጅ ግን ከፍታ አያታልለውም። 500 ማይክሮን እስኪደርስ ይሳቡ፣ ፓምፑን በቫልቭ ለይተው 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ትንሽ ወጥቶ ከ1,000 በታች ከቆመ ጥሩ ነው። ወጥቶ ከዚያ በላይ አንድ ቦታ ላይ ከረጋ ውስጡ እርጥበት አለ፤ ሳይቆም ከወጣ ያፈሳል። ማይክሮን ጌጅ ከሌለዎ ሌሊቱን በሚያድረው የናይትሮጅን ፈተና ይተማመኑ፤ ፓምፑንም ከ30 ደቂቃ በታች አያቁሙ። በአር 410ኤ እና በአር 32 ጋዝ በሚሠሩ ማሽኖች ያለው ዘይት እርጥበት ይጠጣል፤ ኮይሉ ሲወርድ የውጪውን ክፍል ቫልቮች ዘግቶ ማቆየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ይኸው ከፍታ የሥራ ግፊቱንም ይነካል። ሸዋ ሮቢት ላይ ጌጁ ከጋዙ የግፊትና የሙቀት ሠንጠረዥ 2 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ከፍ ያደርጋል፤ ደብረ ብርሃን 4። በሠንጠረዡ አር 410ኤ በ4.4 ዲግሪ ሲተን 118 ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ 120 ይነበባል። በኢንቨርተር ማሽን ግን ግፊት እያዩ መሙላት ከንቱ ነው፤ የኮምፕሬሰሩ ፍጥነት በተለዋወጠ ቁጥር ይለዋወጣል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ግራም በሚዛን ይሙሉ። አር 410ኤ የሁለት ጋዞች ቅልቅል ስለሆነ ከሲሊንደሩ በፈሳሽነቱ ይወጣ።

ዳዶዎቹን በሞመንት ቁልፍ ያጥብቁ፦ የ1/4 ኢንቹ ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር፣ የ3/8ቱ ከ34 እስከ 42። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ፍሌሩን ይሰነጥቃል፤ ነገ ደግሞ «ኮይሉ ተበሳ» ይባላል። ሥራው ሲያልቅ 15 ደቂቃ ይሥራና በሚገባውና በሚወጣው አየር መካከል ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ልዩነት ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ከአረርቲ። አሮጌ ኤሲዬ አር 22 ነው፤ ኮይሉ ተበልቷል። የአር 410ኤ ኮይል ብገጥምለትስ? ጋዙንም አብሬ ብቀይረው?

መልስ፦ የአር 410ኤ ኮይል የአር 22ን ግፊት በቀላሉ ይችላል፤ ልኩ ከገጠመ ይሠራል። ጋዙን ወደ አር 410ኤ መቀየር ግን አይሞከርም። ግፊቱ የአር 22ን አንድ ተኩል እጥፍ ያልፋል፤ ኮምፕሬሰሩም ዘይቱም ለእሱ አልተሠሩም። የኦዞን ሽፋንን ለመጠበቅ በተደረገው በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንደ ኢትዮጵያ ያሉ አገሮች ከእ.ኤ.አ. 2030 በኋላ አር 22ን ለጥገና ከሚፈቀድ ጥቂት መጠን በቀር አይጠቀሙም። እኛ ብንሆን ለዚህ ማሽን አዲስ ኮይል አንገዛም።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት። ከሁለት ዓመት በፊት ያስቀየርኩት የመዳብ ኮይል እንደገና ተበሳ። የማንም እጅ አልነካውም። ምን ይበሳዋል?

መልስ፦ የቤት አየር። መዳብ እርጥብ ሆኖ የአሴቲክ ወይም የፎርሚክ አሲድ ሽታ ሲያገኘው ከላዩ በዓይን የማይታይ፣ ውስጡ ግን እንደ ጉንዳን ጎጆ የተቦረቦረ ቀዳዳ ያወጣል። ኮይሉ ሲያቀዘቅዝ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። አሲዱ ከአቼቶ፣ ከአዲስ ቫርኒሽ፣ ከእንጨት ማጣበቂያ ኮላ፣ አቼቶ አቼቶ ከሚሸት ሲሊኮን ይመጣል። ሊጥ የሚቦካበት ክፍል ኤሲው ካለበት ጋር በር ከተጋራ እሱም ድርሻ አለው። ቤት ሲቀባ ኤሲውን አጥፍተው መስኮት ይክፈቱ፤ ሽታው እስኪጠፋም አያስነሱት። ይህ ዓይነቱ ብሳት የመዳብ በሽታ ስለሆነ በእርስዎ ቤት ያ ርካሹ የአሉሚኒየም ኮይል ከመዳቡ የተሻለ ምርጫ ነው።

አሉሚኒየሙ ደግሞ የራሱ ጠላት አለው፦ በረኪና። ኮይልን በበረኪና ማጠብ ክንፎቹን በወራት ውስጥ ያመነምናል። በላቫጆ የግፊት ውሃም አይታጠብ፤ ክንፎቹን ያስተኛቸዋል። ማጣሪያውን በአቧራ ወራት በየ15 ቀኑ ማውጣት፣ ኮይሉን በዓመት አንዴ ማብሪያ ማጥፊያው ተዘግቶ በለስላሳ ብሩሽና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ከላይ ወደ ታች ብቻ መጥረግ፣ ከዚያም ሳሙናው እስኪለቅ ንጹሕ ውሃ መርጨት ይበቃል። የውሃ መውረጃው ቱቦ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ ያድርጉ፤ ውሃ ካቆረ የኮይሉ ታች ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቀራል።