የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ በቴምብር ጀርባ የተሸሸገው ዘውድ

ጥያቄ፦ ሁለት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ቴምብሮች አሉኝ። ሥዕላቸው፣ ቀለማቸውና ጥርሳቸው አንድ ነው። ካታሎጉ ግን «በውሃ ምልክት ይለያሉ» ብሎ ለየብቻ ዋጋ ሰጥቷቸዋል። ወደ መብራት ባነሳቸው የሚታየኝ የፊታቸው ሥዕል ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የውሃ ምልክት በቀለም የታተመ ነገር አይደለም። ወረቀቱ ገና እርጥብ ሳለ የሽቦ ቅርጽ የተሰፋበት ሲሊንደር ይሄድበታል፤ ሽቦው ያረፈበት ቦታ ከሌላው ይሳሳል። የሚፈልጉት ይህንን ስስ ቦታ ነው፤ በእርስዎ ዓይነት ቴምብሮች ላይ ብዙውን ጊዜ የዘውድና የፊደላት ቅርጽ አለው። መብራት ላይ ሲያነሱት የፊቱ ሕትመት አብሮ ስለሚያልፍ ይሸፍነዋል።

በቀላሉ ይጀምሩ። ቴምብሩን ፊቱን ደፍተው ጥቁር ነገር ላይ ያኑሩትና መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገው ያዙት። ጥቂት የማይባሉት በዚሁ ይታያሉ፤ እነዚያን ፈሳሽ መንካት የለበትም።

እምቢ ካለ ጥቁር፣ ለስላሳና ጎድጓዳ ሳህን ያዘጋጁ። ቴምብሩን ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ወረንጦ ይዘው ፊቱን ደፍተው ያስገቡና ሁለት ሦስት ጠብታ ፈሳሽ ያንጠባጥቡበት። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ፈሳሽ አለ፤ ካጡ ጥጥና ክር ባለው የድሮ ላይተር ውስጥ የሚሞላው ይሠራል። የመኪና ቤንዚንና ናፍታ ግን አይሞክሩ፤ ወረቀቱ ላይ ቅባት ትተው ይሄዳሉ። ፈሳሹ በቃጫዎቹ መካከል ያለውን አየር ሲተካ ወረቀቱ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥር ያለው ጥቁርም በስሱ ቦታ በኩል ይበልጥ ይወጣል። ስለዚህ ምልክቱ ጠቆር ብሎ ይታያል። ብዙ ሰው ፈሳሹ እንደነካው ዓይቶ ይተወዋል፤ መድረቅ ሲጀምር ያሉትን ጥቂት ሰከንዶችም ይጠብቁ፤ አንዳንዱ ምልክት የሚገለጠው ያኔ ነው።

መስኮት ይክፈቱ፤ እሳትና ሲጋራ አጠገብዎ አይኑር። በድሮ መጻሕፍት የሚመከረው ካርቦን ቴትራክሎራይድ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ነውና ይቅርብዎ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የጠቆረ ሁሉ ምልክት አይደለም። ሲላጥ የሳሳ ቦታ፣ እጥፋትና የተጠገነ ቀዳዳም ይጠቁራሉ። አልበም ላይ ያጣበቀው የወረቀት ቁራጭ ቅሪት ደግሞ ምልክቱን ይሸፍናል። (ከመግዛትዎ በፊት የተደበቀ ጥገና ለመያዝ ይኸው ፈሳሽ ጥሩ መርማሪ ነው።)

ጥያቄ፦ ዘውዱን አገኘሁት፤ ፊደሎቹ ግን ተቆርጠዋል። «ሲሲ» (CC) ይሁን «ሲኤ» (CA) እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ ከዘውዱ ጋር «ሲሲ» ያለው እ.ኤ.አ. በ1863 መጣ፤ በ1882 «ሲኤ» ቦታውን ያዘ። ከ1904 ጀምሮ ዘውዱና ፊደላቱ በወረቀቱ ላይ ጥቅጥቅ ብለው ተደጋገሙ፤ በ1921 ደግሞ ፊደላቱ በእጅ ጽሕፈት መልክ ሆኑ። ስለዚህ ግማሽ ፊደል ብቻ ቢታይዎት እንኳ የፊደሉ መልክና የዘውዶቹ ብዛት ይረዳሉ። ጎደሎውን ፊደል ሲመረምሩ እግሩን ይዩ፦ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች ወደ ታች የሚከፈቱ ከሆነ «ኤ» ነው፤ ታቹ ከታጠፈ «ሲ» ነው።

ካታሎግ ምልክቱን የሚሥለው ከፊት እንደሚታየው ነው፤ እርስዎ ግን የሚያዩት ከጀርባ ነው። ዘውዱና «ኤ» በመስታወት ቢገለበጡም መልካቸው አይለወጥምና አይመኗቸው፤ የሚነግርዎት «ሲ» ነው። ከጀርባ ሲያዩት አፉ ወደ ግራ ከተከፈተና ዘውዱም ቀጥ ካለ ምልክቱ ደንበኛ ነው፤ ወደ ቀኝ ከተከፈተ ወይ ተዘቅዝቋል ወይ እንደ መስታወት ምስል ዞሯል። የቱ እንደሆነ የዘውዱ አናት ይለያል፦ ወደ ታች ከሆነ ተዘቅዝቋል፤ ወደ ላይ ከሆነ ዞሯል።

የአሜሪካ ቴምብር ግን ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1895 የጀመረው ባለ ድርብ መስመር «ዩኤስፒኤስ» (USPS) እና በ1910 የተካው ባለ ነጠላ መስመር በአንድ ቴምብር ላይ ብዙ ጊዜ የአንድ ፊደል ቁራጭ ብቻ ይተዋሉ። ጠርዞቹን በደንብ ይዩ፤ አንዲት ቀጭን ቅስት ብቻ ልትሆን ትችላለች።

ጥያቄ፦ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቴምብር ላይ ዘውዱ ተዘቅዝቆ አገኘሁ። ብርቅ ነው?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አይደለም። በቡክሌት (በትንሽ ደብተር ተጠርዘው) የተሸጡት ሲታተሙ ከፊሎቹ ገጾች ተዘቅዝቀው ስለሚወጡ ዘቅዛቃው ምልክት የተለመደ ነው፤ በጥቅልል ከተሸጡት መካከል ደግሞ ምልክቱ ወደ ጎን የተኛባቸው አሉ። ካታሎጉ ለየብቻ ይዘረዝራቸዋል፤ ዋጋቸውን ከዚያ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ቢጫ ቴምብር ላይ ምንም አይታይም፤ ፈሳሹም አልረዳም።

መልስ፦ የሕትመቱ ቀለም ምልክቱን ስለሚውጠው ነው። ከቴምብሩ ቀለም ጋር የተቀራረበ ግልጽ ማጣሪያ፣ ለዚህኛው ቢጫ፣ ብርሃኑ ላይ ያድርጉ፤ ሕትመቱ ይደበዝዝና ምልክቱ ይቀራል። በፎቶግራቭር (ከፎቶግራፍ በተቀረጸ ሲሊንደር በሚታተም ዘዴ) ከታተመ ግን ፈሳሹን መጀመሪያ ርካሽ በሆነ አቻው ላይ ይሞክሩ፤ የአንዳንዶቹ ቀለም ይሟሟል። ሙጫው ራሱ የሚለጠፍ ዓይነት ከሆነ ፈሳሹን ጨርሶ አያስጠጉት።

ቴምብሩ ገና ፖስታው ላይ ከሆነ ግን ለምልክቱ ብለው አይላጡት።