«ትምህርት ላቋርጥና ሙሉ ቀን ልዋኝ?»፦ ለአንዲት ወጣት ዋናተኛ

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነሽ፤ ዕድሜሽ 17። ከአዲስ አበባ በላክሽው ደብዳቤ በሳምንት አራት ቀን በአንድ ሆቴል ገንዳ እንደምትለማመጂ፣ በ50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ 31.20 ሰከንድ እንደገባሽ ጽፈሻል። አሠልጣኝሽ ትምህርቱን ለአንድ ዓመት አቋርጠሽ ጠዋትና ማታ ብትሠለጥኚ ለሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ እንደምትደርሺ፣ አሜሪካም ነፃ የትምህርት ዕድል እንደምታገኚ ነግረውሻል። እናትሽ ደግሞ «ከውሃ እንጀራ አይወጣም» ብለዋል። የማንን ልስማ ነው ጥያቄሽ።

ትምህርት አታቋርጪ። ይህን የምልሽ ትምህርት ከስፖርት ይበልጣል ከሚለው የተለመደ ክርክር ተነስቼ አይደለም፤ አሠልጣኝሽ ያሰቡልሽን የአሜሪካ መንገድ ራሱን የሚዘጋው ማቋረጡ ስለሆነ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት ከሚመሩት ማኅበራት ትልቁ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ነው። ከፍተኛው እርከን ዲቪዥን 1 አዲስ ገቢ ተማሪን 16 መሠረታዊ ኮርሶች ይጠይቃል፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስና የመሳሰሉት። የእነዚህ ኮርሶች አማካይ ውጤት ከ4.0 ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት፤ ለዲቪዥን 2 ደግሞ 2.2። ብዙዎች የማያውቁት ግን ዲቪዥን 1 ዓመት እንደሚቆጥር ነው። 9ኛ ክፍል ከገባሽበት ቀን አንስቶ አራት ዓመት ይሰጥሻል፤ መሀል ላይ ብታቋርጪም ቆጠራው አይቆምልሽም። በአምስተኛው ዓመት ጎበዝ ውጤት ብታመጪ እንኳ እነዚያ ኮርሶች በአብዛኛው አይያዙልሽም። አሠልጣኝሽ ይህን ሕግ ባያውቁ አይፈረድባቸውም፤ ሥራቸው ገንዳው ጋ ነው።

አሁን ወደ 31.20 እንምጣ። የመጀመሪያ ጥያቄዬ በየትኛው ገንዳና በምን ዓይነት ሰዓት መያዣ ተለካ የሚል ነው። ከከተማችን የሆቴል ገንዳዎች ብዙዎቹ ለመዝናኛ የተሠሩ ናቸው፤ 25 ሜትር ነው የተባለው 22 ወይም 24 ሆኖ ይገኛል። (የሒልተኑ ገንዳማ የላሊበላን ቤተ ክርስቲያን አምሳያ ይዞ የተሠራ ነው፤ ለፎቶ እንጂ ለሰዓት አይሆንም።) ገንዳው በአንድ ሜትር ካጠረ በሁለት ርዝመት ሁለት ሜትር ቀረ ማለት ነው፤ በአንቺ ፍጥነት ይህ ከአንድ ሰከንድ በላይ ነው። በስልክ የሚይዝ ሰው ደግሞ ጣቱ ከድምፁ ዘግይቶ ይጀምራል፤ ሲነካ ግን አስቀድሞ ይጠብቅና በጊዜው ያቆማል። በዚህ ምክንያት በእጅ የተያዘ ሰዓት ከኤሌክትሮኒክሱ 0.2 ሰከንድ ያህል ያሳጥራል። ሌላው ልዩነት የገንዳው ዓይነት ነው። በ25 ሜትር ገንዳ ግድግዳውን ገፍተሽ ስለምትታጠፊ ከ50 ሜትሩ ገንዳ ትፈጥኛለሽ። ስለዚህ ሰዓትሽን ስትጽፊ ሁልጊዜ በ25 ወይም በ50 ሜትር ገንዳ መሆኑን፣ ቀኑንና አያያዙን አብረሽ ጻፊ። ኤሌክትሮኒክስ በሌለበት ሦስት ሰዎች በሦስት ሰዓት ይያዙ፤ ሁለቱ ከተስማሙ እሱ ይወሰዳል፤ ሦስቱም ከተለያዩ መሀለኛው ነው ሕጋዊው። በይፋዊ ውድድር ያልተመዘገበ ሰዓት ግን ለውጭ አሠልጣኝ ወሬ ነው። የክለብም፣ የክልልም፣ የፌዴሬሽኑም ውድድር አይለፍሽ፤ ከእያንዳንዱም የታተመ የውጤት ወረቀት ተቀበይ።

31.20 እውነተኛ ነው እንበል፤ በ50 ሜትር ገንዳ። ምን ያህል ያወጣል? ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ወርልድ አኳቲክስ፣ ቀድሞ ፊና የሚባለው፣ ሰዓትን ወደ ነጥብ የሚለውጥበት ቀላል ስሌት አለው። መነሻውን ሰዓት ለራስሽ ሰዓት ታካፍያለሽ፣ ውጤቱን ሦስት ጊዜ ጽፈሽ እርስ በርሱ ታባዣለሽ፣ ከዚያ በ1000። ሣራ ሾስትሮም እ.ኤ.አ. በ2023 ፉኩኦካ ላይ የዋኘችውን 23.61 መነሻ ብናደርግ፣ የአንቺ 31.20 ነጥቡ 433 ነው። 29.00 ብትገቢ 539፣ 28.00 ብትገቢ 599 ይሆናል። ይህን ስሌት ልመጂው፤ የትኛው ርቀትና ቀዘፋ እንደሚያዋጣሽ በግምት ሳይሆን በቁጥር ይነግርሻል። በጀርባ ቀዘፋ ሞክረሽ 480 ብታገኚ፣ ነፃ ቀዘፋ ላይ ሙጭጭ ያልሽው በከንቱ ነው ማለት ነው። ጀርባ፣ ደረትና ቢራቢሮ በ50 ሜትር ሎስ አንጀለስ 2028 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሎምፒክ ውድድር ስለሚሆኑ፣ ለአጭር ርቀት ዋናተኛ አማራጩ ሰፍቷል።

ኦሎምፒኩን በተመለከተ እንነጋገር። ለፓሪስ 2024 የሴቶች 50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ሚኒማ፣ ማለትም ለማለፍ የሚጠየቀው ሰዓት፣ 24.70 ነበር። ከአንቺ ሰዓት 6.5 ሰከንድ ይርቃል፤ ይህን በሁለት ዓመት የሚያጠብ ሥልጠና የለም። ሌላው በር ዩኒቨርሳሊቲ የሚባለው ኮታ ነው። ሚኒማ ያሟላ ዋናተኛ የሌላት አገር ቢበዛ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ታስገባለች፤ ለፓሪስ በዚህ መንገድ ለማለፍ አስቀድሞ በዓለም ሻምፒዮና መዋኘት ግዴታ ነበር። የሚቀጥለው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2027 ቡዳፔስት ላይ ነው። ማን እንደሚሄድ የሚወስነው ብሔራዊ ፌዴሬሽኑ ነው፤ ያንቺ ድርሻ ደግሞ በውጤት ወረቀት ላይ ከአገሪቱ ሴቶች ቀዳሚ ሆኖ መታየት። በሪዮ 2016 የኛው ሮቤል ኪሮስ በኮታ ገብቶ 100 ሜትሩን በ1:04.95 ሲጨርስ የዓለም መሳቂያ አደረጉት፤ የተሳለቁት ጋዜጦች የኮታውን ሕግ አላብራሩም። ትምህርቱ ግን አለ። ኮታ መድረክ ይሰጣል፣ ሰዓት አይሰጥም፤ ሙያሽን በኮታ ላይ አትገንቢ።

አራት ቀን ልምምድ አነሰኝ ብለሻል። ለ200 ሜትርና ከዚያ በላይ አዎን፣ ያንሳል። ለ50 ሜትር ግን በደንብ ከተጠቀምሽበት ብዙ ያስኬዳል። የማየው ትልቁ ስህተት በ75 ደቂቃ ውስጥ ኪሎ ሜትር ለመሙላት መሮጥ ነው። ልጆቹ ደክመው፣ ክንዳቸው ወርዶ ይዋኛሉ፤ በሳምንት አራት ቀን የሚለማመዱት ዝግታን ነው። በዚያ ፋንታ ይህን ሞክሪ፦ 400 ሜትር ቀስ ብሎ ማሟሟቂያ፤ ስምንት ጊዜ 25 ሜትር የአቀዛዘፍ ማስተካከያ፤ አራት ጊዜ የ15 ሜትር መነሻ፤ ከዚያ ዋናው ሥራ፣ ሁለት ዙር ስምንት ጊዜ 25 ሜትር በውድድር ፍጥነት። 30.00 ለመግባት የምትፈልጊ ከሆነ፣ ግድግዳ ገፍተሽ የምትዋኚው እያንዳንዱ 25 ሜትር 15.5 ሰከንድ አካባቢ መሆን አለበት። በመካከሉ በባሕር ወለል ከፍታ የሚዋኙት 45 ሰከንድ ያርፋሉ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አንቺ 60 አድርጊው። አየሩ ስስ ስለሆነ ጡንቻሽ ቶሎ አያገግምም፤ የቆላ ከተማ ፕሮግራም ቀድቶ መሥራት እዚህ ላይ ነው የሚያስቸግረው። ከ15.5 ወደ 16 ከተንሸራተትሽ ያን ቀን ዋናው ሥራ አልቋል፤ 300 ሜትር እግር፣ 200 ሜትር ማቀዝቀዣ ሠርተሽ ውጪ። ድምሩ ከ1,700 ሜትር አያልፍም፤ አይክፋሽ።

መነሻው ላይ ጊዜ ስጪ። ከ50 ሜትር ውስጥ የመጀመሪያው 15 ሜትር በዝላይና በውሃ ውስጥ ምት የሚያልፍ ነው፤ ሕጉም ከ15 ሜትር በፊት ጭንቅላትሽ እንዲወጣ ያዛል። ገንዳው ዳር 15 ሜትር ላይ ቀለም ያለው ፕላስተር ለጥፊና ጭንቅላትሽ እዚያ ሲደርስ ሰዓት ይያዝልሽ። ጥንቃቄ፦ መነሻ ብሎክ ያለበት ገንዳ ከግድግዳው ከ1 እስከ 6 ሜትር ባለው ቦታ ቢያንስ 1.35 ሜትር ጥልቀት ሊኖረው ይገባል። ብዙ የሆቴል ገንዳ አንድ ጎኑ ከዚያ ያነሰ ነው። ጥልቁን ጎን በሜትር ሳትለኪ በጭንቅላት አትዝለይ፤ የአንገት አጥንት አንዴ ነው የሚሰበረው።

ወደ አሜሪካው ልመለስ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽ ውስጥ የበለጠ የሚያዋጣው እሱ ነው። እዚያ የኮሌጅ ውድድር በአብዛኛው በ25 ያርድ ገንዳ ነው፤ 22.86 ሜትር። በተለመደው የመለወጫ ስሌት በ50 ሜትር ገንዳ የተዋኘ 31.20 ወደ 27.5 ይጠጋል፤ 29.00 ወደ 25.5፣ 27.50 ደግሞ ወደ 24። እንደ እኔ ግምት 27.5 የሚያስከፍት በር ጥቂት ነው። በ25.5 የዲቪዥን 3 እና አንዳንድ የዲቪዥን 2 አሠልጣኞች መልስ ይሰጡሻል። ወደ 24 ስትጠጊ የዲቪዥን 1 መካከለኛ ቡድኖች ያነቡሻል። ዲቪዥን 3 የስፖርት ገንዘብ አይሰጥም፤ ይሁን እንጂ በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ አቅም ላይ ተመሥርተው የሚረዱ ኮሌጆች ከዚያው ውስጥ ናቸው። የ11ኛ ክፍል የኬሚስትሪ ውጤትሽ ከአንድ ሰከንድ በላይ ገንዘብ ሊያመጣ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ኤን.ኤ.አይ.ኤ. የሚባለው ሌላው ማኅበርና የሁለት ዓመት ኮሌጆችም ዋና አላቸው፤ አትናቂያቸው።

ለአሠልጣኞች ስትጽፊ ርዕሱ ላይ ስምሽን፣ የምትመረቂበትን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ርቀቱን፣ ሰዓቱንና የገንዳውን ዓይነት አስቀምጪ። ውስጡ አምስት ዓረፍተ ነገር ይብቃው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለ ትራንስክሪፕት፣ የውጤት ወረቀቱ ፎቶና አንድ ደቂቃ ያልሞላ ቪዲዮ ይጨመር። ቪዲዮው ከጎን ይነሣ፤ መነሻው፣ መታጠፊያውና ሙሉ 50 ሜትሩ ሳይቆረጥ ይታይ። ሙዚቃ አታድርጊበት። ከ40 እስከ 60 ቡድን ላኪ፤ አሥር ልከሽ ዝም ካሉ ተስፋ አትቁረጪ፣ የተለመደ ነው። «አስገባሻለሁ» ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ ኤጀንት ከመጣ ግን በሩን ዝጊ፤ የኮሌጅ አሠልጣኝ ለራሱ ገንዘብ አይጠይቅም።

ገንዘቡን በደንብ አስቢ። አብዛኛው የዋና ስኮላርሺፕ ከፊል ነው። ኮሌጁ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባል ሰነድ የሚሰጥሽ የቀረውን የአንድ ዓመት ወጪ ማን እንደሚሸፍን በባንክ ማስረጃ ስታሳዪ ነው። ብዙ ልጆች ቡድን አግኝተው እዚህ ላይ ይቀራሉ፤ ስለዚህ አሠልጣኙን ገና በመጀመሪያው ሳምንት «የሚቀረው ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ፣ ነውር የለውም። በተማሪ ቪዛ (ኤፍ-1) ከግቢ ውጭ እንደልብ መሥራት ስለማይፈቀድ፣ «እዚያ ሄጄ ሠርቼ እሞላዋለሁ» የሚለው ዕቅድ አይሠራም።

የእናትሽ አባባል ደግሞ በአንድ ነገር ይሳሳታል፦ ከውሃ እንጀራ ይወጣል፣ ግን በሽልማት አይደለም። ዋና የሚያስተምሩ ሴቶች ከተማችን ውስጥ ጥቂት ናቸው፤ ለሴት ልጆቻቸው ሴት አስተማሪ የሚፈልጉ ቤተሰቦች ግን ብዙ ናቸው፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም እንዲሁ። የነፍስ አድን ፈቃድ ለዚህ መነሻ ነው። የእንግሊዙ የነፍስ አድን ማኅበር አር.ኤል.ኤስ.ኤስ. የሚሰጠው የገንዳ ነፍስ አድን ፈቃድ ከ16 ዓመት ጀምሮ ይወሰዳል፤ መግቢያው 50 ሜትር በ60 ሰከንድ ውስጥ፣ 100 ሜትር ሳያቋርጡ በሆድና በጀርባ መዋኘት፣ 30 ሰከንድ ባለበት መንሳፈፍና እስከ ጥልቁ ወለል መጥለቅ ነው። አንቺ ዛሬውኑ ታልፊዋለሽ። ነገር ግን የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነውና ሥራ ለመጠየቅ ከመድረስሽ በፊት ገንዘብ አታውጪበት። እስከዚያው ቅዳሜ ከሰዓት ከአሠልጣኝሽ ጋር ትንንሽ ልጆች በማስተማር እገዛ አድርጊ፤ እናትሽም ገንዳው ጋ መጥተው ይዩሽ።

አንድ ሰነድ አደራ። የውድድር ዕድሜ የሚቆጠረው በፈረንጅ ዓመት እስከ ዲሴምበር 31 በሚሞላሽ ዕድሜ ነው። የልደት ካርድሽ በእኛ አቆጣጠር፣ ፓስፖርትሽ በፈረንጅ ሆኖ አንዱ ሲቀየር ሰባት ዓመት፣ ሌላው ስምንት ዓመት ተጨምሮበት ከሆነ፣ በአንድ ዓመት የተለያየሽ ሁለት ሰው ነሽ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት የተወለደ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ ስምንት ይጨምራል። ትምህርት ቤት፣ ፌዴሬሽንና ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አሁኑኑ አረጋግጪ፤ ቪዛ ቀጠሮ ከተያዘ በኋላ ማስተካከል ወራት ይፈጃል።

በዚህ ሳምንት ግን ባለ 50 ሜትር የግንበኛ ሜትር ተውሰሽ ገንዳውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለኪ። 25.00 ሆኖ ካገኘሽው ቅዳሜ ሦስት ሰው ሰዓት ይያዝልሽና ቁጥሩን ላኪልኝ።