የልጅነት መከራ ያስረጃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ አባቴን ሲወስድብን 8 ዓመቴ ነበር። ከዚያ ዘመድ ቤት፣ በሥራና በዱላ አደግኩ። አሁን 28 ነኝ፤ ያየኝ ሁሉ ግን 40 ይሰጠኛል። ሰሞኑን ጤና ጣቢያ ግፊቴ 148 በ94 ሆነ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ልቤ መዝለል ይጀምራል። የልጅነት መከራ ያስረጃል የሚሉት እውነት ነው? ለልጄስ ይተርፋል?

መልስ፦ እህቴ፣ 20 ዓመት ቢያልፍም እግዜር ያጽናዎት።

እውነትነት አለው። ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖች ይረጫሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል። አደጋው ሲያልፍ ሰውነት ይረጋጋል። ዱላው መቼ እንደሚመጣ በማያውቅበት ቤት የሚያድግ ልጅ ግን ሰውነቱ ሌት ተቀን ዘብ ይቆማል። ዓመታት ሲቆጠሩ ይህ የደም ሥርንም እንቅልፍንም ይጎዳል። በሴሎቻችን ውስጥ፣ ክሮሞሶም ጫፍ ላይ፣ ቴሎመር የሚባል መቋጫ አለ፤ የነጠላ ጫፍ ተቋጭቶ ድሩ እንዳይተረተር እንደሚደረገው ማለት ነው። ከዕድሜ ጋር ያጥራል። በልጅነታቸው በተጎዱ ሰዎች ላይ ይበልጥ አጥሮ ያገኙት ጥናቶች አሉ፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። «የአካል ዕድሜዎን እንለካልዎ» የሚል ቢመጣ ገንዘብዎን አይስጡ።

የአሜሪካ ሐኪሞች ፌሊቲና አንዳ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት ከ9 ሺህ በላይ ጎልማሶችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው ነበር። 4 ወይም ከዚያ በላይ ዓይነት መከራ ያሳለፉት፣ ምንም ካላሳለፉት ይልቅ የልብ ሕመም በእጥፍ ገደማ ታይቶባቸዋል። ቢሆንም ከእነሱም ብዙዎቹ የልብ ሕመም አልነበረባቸውም። ልጅዎም ዕጣዎን አይወርስም፤ የሚያቅፈውና የማይፈራው አንድ ሰው አጠገቡ ካለ ትልቅ መከላከያ ነው። ያ ሰው ደግሞ እርስዎ ነዎት።

የዝናቡ ነገር ሕክምና አለው። አእምሮ ሐኪም ወይም ሳይኮሎጂስት ዘንድ ሲሄዱ የጻፉልኝን ይንገሯቸው፤ እብደት ነው ብለው አያፍሩ።

አሁን ወደ ግፊቱ። ሁሉን በልጅነት ላይ መጫን እኔን አይጥመኝም፤ በ28 ዓመት ግፊት ሲገኝ ሌላም ይፈለጋል። በርጫ ላይ ነበሩ? ጫት ግፊትንም የልብ ምትንም ይጨምራል፤ ቡናም ለጊዜው እንዲሁ። ኢስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን ይወስዳሉ? ለሐኪሙ ይንገሩ። ኩላሊትዎም በሽንትና በደም ምርመራ ይታይ። ሳይቅሙ፣ ቡና ሳይጠጡ፣ 5 ደቂቃ ዐርፈው ተቀምጠው፣ በተለያዩ ቀናት ደግመው ይለኩ፤ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጽፈው ይዘው ይሂዱ።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ግን ደብተሩን ይተዉት፤ ዛሬውኑ ይታዩ።