«ልመልሰው?» ሲልሽ ዝም አትበይ

ጠያቂያችን ሜሪላንድ የምትኖር ወጣት ናት። ዘንድሮ በአትሌቲክ ትሬኒንግ፣ ማለትም ስፖርተኞችን ከጉዳት በመጠበቅና ሲጎዱ በማከም ሙያ፣ ማስተርሷን ጀምራለች። የመጀመሪያ የተግባር ልምምዷ አንድ ሃይስኩል ውስጥ፣ ከአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ጋር ነው። የላከችልኝን አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። ተቆጣጣሪዬ 'እዚህ ሁኚ፣ መጣሁ' ብላኝ ሴቶቹ ሶከር ወደሚጫወቱበት ሜዳ ሄደች። ወዲያው አንድ ልጅ ከሌላው ጋር በጭንቅላቱ ተጋጨ። ተነሳ፤ ግን ዓይኑ ፈዞ ነበር። አሰልጣኙ 'ደህና ነው አይደል? ልመልሰው?' አለኝ። አፌ ተሳሰረ። ምንም ሳልመልስለት ሮጬ ሄጄ ተቆጣጣሪዬን ጠራኋት። አሰልጣኙ ተናደደ። ግምገማዬ ላይም 'በራስ መተማመን ይጎድላታል' ተብሎ ተጻፈ። ለዚህ ሙያ እሆናለሁ? ከተማሪ የሚጠበቀውስ ምንድን ነው? አባቴ ደግሞ ለሰው ሁሉ 'ወጌሻ ልትሆን ነው' ሲል ያሳፍረኛል።»

ሰላም እህቴ። መልሱን ላስቀድም፦ ትሆኛለሽ። ያንን ልጅ ሜዳ አልመለስሽውም። በዚያች ደቂቃ ካንቺ የሚጠበቀው ትልቁ ነገር እሱ ነበር፤ አድርገሽዋል።

ኮንከሽን፣ ማለትም ከምት የመጣ የአንጎል ጉዳት፣ የተጠረጠረበት ተጫዋች በዚያው ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። «ራሴን አያመኝም» ቢልም አይመለስም። አሰልጣኙ ቢቆጣም፣ ጨዋታው ለዋንጫ ቢሆንም አይመለስም። ይህ ያንቺ ወይም የተቆጣጣሪሽ አስተያየት አይደለም። የዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለዚህ ጉዳይ ለወጣት ተጫዋቾች ህግ አወጣ፤ በ2014 ደግሞ ሁሉም ስቴቶች የየራሳቸውን አውጥተው ነበር። ስለዚህ «ልመልሰው?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ቀድሞ የታወቀ ነው።

የጎደለሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ልጁን ትተሽው መሄድሽ። ዓይኑ የፈዘዘ ልጅ ብቻውን አይተውም። ሊያስታውከው፣ ሊወድቅ ይችላል። ወይም አንቺ ዞር ስትዪ ሄልሜቱን አጥልቆ ይገባል፤ ልጅ ነው፣ መጫወት ነው የሚፈልገው። አጠገቡ ቁሚ። ሄልሜቱን ተቀበዪውና በእጅሽ ያዢው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ያለ ሄልሜት ማንም አያስገባውም። ተቆጣጣሪሽን በስልክ ወይም በሬዲዮ ጥሪያት። ሁለቱም ከሌሉ ሌላ ተጫዋች ሮጦ ይጥራት።

ሁለተኛው ዝምታሽ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት እዚህ ጋ ነውና። ቤታችን ውስጥ ታላቅ ሲናገር ዝም ማለት ጨዋነት ነው። ዓይንን ሰበር ማድረግ አክብሮት ነው። እኔም እንደዛ ነው ያደግኩት፤ አላፍርበትም። ሜዳ ዳር ግን ዝምታሽን የሚያነብልሽ ሰው እንደ እናትሽ አያነበውም። አሰልጣኙ «አታውቅም» ብሎ ያነበዋል። ተቆጣጣሪሽ «በራሷ አትተማመንም» ብላ ትጽፈዋለች። ያ ግምገማ የእውቀትሽ አይደለም፤ የድምፅሽ ነው።

ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጂ። «አሁን አይመለስም። ተቆጣጣሪዬ እስክታየው ከእኔ ጋር ይቆያል።» በእንግሊዝኛ፣ በራስሽ አነጋገር አስተካክዪው። መኪና ውስጥ ጮክ ብለሽ አሥር ጊዜ በዪው። «ይቅርታ»፣ «ይመስለኛል» አትጨምሪበት። ቁጣም አያስፈልገውም። አሰልጣኙ ከተናደደ ይናደድ፤ ንግግሩ ከዚያ በኋላ በእሱና በተቆጣጣሪሽ መካከል ነው።

ሌላም መለማመድ ያለብሽ ቃል አለ፦ «ይህን ገና አልተማርኩም።» የተግባር ልምምድ ዋናው ህግ ይሄ ነው። ተማሪ በታካሚ ላይ የሚሠራው የተማረውንና ተፈትኖ ያለፈበትን ብቻ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያየሽው አይቆጠርም። ጓደኛሽ ያሳየችሽም አይቆጠርም።

እኔ ይህን የተማርኩት በሰው እግር ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ ተጫዋች ጉልበቱን ተመትቶ መጣ። ተቆጣጣሪዬ ከሌላ ልጅ ጋር ነበር። በረዶ ለማድረግ ማን ፈቃድ ይጠይቃል ብዬ የበረዶውን ከረጢት ከጉልበቱ በውጭ በኩል አደረግኩና በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኩት። ከዚያ ረሳሁት። ስመለስ አርባ ደቂቃ ሆኖት ነበር። ልጁ የእግሩን ጣቶች ወደ ላይ ማንሳት አቃተው። እግሩ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ቆዳው ሥር የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ ቅዝቃዜና ጥብቀት ሲደራረቡበት ይደነዝዛል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ደንግጬ ግማሽ ሰዓት ያህል ለማንም አልተናገርኩም። በየደቂቃው «አሁንስ?» እያልኩ ጣቶቹን ብቻ አያለሁ። እግሩ በዚያው ምሽት ተመለሰለት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ተቆጣጣሪዬ ስለ በረዶው ብዙም አልተቆጣኝም። ስለዚያች ግማሽ ሰዓት ግን እስከዛሬ የማልረሳውን ቁጣ ተቆጣኝ፤ ልክ ነበር። ስትሳሳቺ ወዲያው ተናገሪ። እየቀባባሽ አይደለም፤ ያደረግሽውን በቀጥታ።

አሁን ወደ ተቆጣጣሪሽ ልምጣ። እሷም ያጎደለችው አለ። ለትምህርት ፕሮግራሞቹ እውቅና የሚሰጠው አካል ያስቀመጠው መስፈርት ግልጽ ነው። ተቆጣጣሪው እዚያው ቦታ ላይ መገኘት አለበት፤ ለታካሚውም ለተማሪዋም ደርሶ ጣልቃ መግባት መቻል አለበት። ተማሪ በሠራተኛ ምትክ አይቆምም። ሜሪላንድ ውስጥ አትሌቲክ ትሬነር ሆኖ ለመሥራት ላይሰንስ ያስፈልጋል፤ አንቺ ደግሞ ገና የለሽም። አንድ ቀን ለአምስት ደቂቃ ዞር ብላ ከሆነ ሰው ናት፣ ሁለት ሜዳ ለብቻዋ ይዛለች። ልማድ ከሆነ ግን ዝም ማለት የለብሽም። መጀመሪያ ለራሷ ንገሪያት። ካልተስተካከለ የተግባር ትምህርቱን ለሚያስተባብረው መምህርሽ ጻፊ። ይህ ሰውን ማሳጣት አይደለም፤ ልጆቹ ያለ ባለሙያ እንዳይቀሩ ማድረግ ነው። በነገራችን ላይ በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን መብትሽ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከፈለግሽ ፕሮግራም ሲወጣ ቀድመሽ ጠይቂ።

ከተማሪ ስለሚጠበቀው ሥራ ስትጠይቂ ብዙዎች ልዩ ቴክኒክ ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው ሥራሽ ግን ውሃ፣ በረዶና ገንዳ ነው። የጉልበት ሥራ ይመስላል። አይደለም። አንቺ ባለሽበት በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 2018 ጆርዳን ማክኔር የተባለ የ19 ዓመት የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ልምምድ ላይ በሙቀት ተመታ። ሰኔ 13 ቀን አረፈ። በኋላ የተደረገው የውጭ ምርመራ የሰውነቱ ሙቀት እንዳልተለካ፣ በቀዝቃዛ ውሃም እንዳልተነከረ አረጋገጠ። በ2021 ስቴቱ በስሙ ህግ አወጣ። ሩጫ ላይ የወደቀ ልጅ የውስጥ ሙቀቱ ከ40.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሆኖ አእምሮው ከተዛባ፣ መጀመሪያ በበረዶ ውሃ ማቀዝቀዝ ነው፤ አምቡላንስ ይጠራል፣ የሚወሰደው ግን ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ገንዳው ባዶ ከሆነ ይህ ሁሉ እውቀት ምንም አይሠራም። ስለዚህ ልምምድ ሳይጀመር ገንዳውን ሙዪ። የልብ ማስነሻ ማሽኑ የት እንዳለ በዓይንሽ እዪ፤ መብራቱ «ዝግጁ» ማለቱን አረጋግጪ። ማንም ሳያዝሽ በየቀኑ አድርጊው። ተቆጣጣሪዎች ይህንን ያያሉ።

ሙቀቱ አንቺንም ይነካል። የፉትቦል ዝግጅት የሚጀመረው በነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ላይ። ጿሚ ከሆንሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምሺ ፀሐይ ላይ ቆመሽ ስትወድቂ ሁለት ታካሚ ይሆናል። ጹሚ አትጹሚ አልልሽም። የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ለተቆጣጣሪሽም አስቀድመሽ ንገሪያት። ረመዳን ለሚጾሙ ተማሪዎቼም የምለው ይሄንኑ ነው። የምትጾም ተማሪ አያስደነግጣቸውም፤ ሳይነገራቸው የወደቀች ተማሪ ግን ታስደነግጣቸዋለች።

ሚስጥር መጠበቅ ለእኛ ልዩ ፈተና አለው። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሐበሻ ያልሆነ ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። ከተጫዋቾቹ አንዱ የእናትሽ ማኅበርተኛ ልጅ ሊሆን ይችላል። ቡና ላይ «እንዴት ነው የእገሌ ልጅ እግር?» ትባያለሽ። መልስሽ «እሱን ጠይቁት እማማ» ብቻ ነው። «ደህና ነው» እንኳ አትበዪ። የታካሚን ሚስጥር የሚጠብቀው ሂፓ የሚባለው የ1996 ህግ አለ፤ የትምህርት ቤት መዝገብን የሚጠብቅም ፈርፓ የሚባል አለ። አንዱ ባይነካሽ ሌላው ይነካሻል። እንግሊዝኛ የማይሆንላት እናት መጥታ «አንቺ አስተርጉሚልኝ» ስትልሽም ልብሽ ይራራል። ሰላም በያት፣ ወንበር ስጫት። ስለ ቀዶ ጥገና ወይም ስለ ፈቃድ ፊርማ የሚወራ ከሆነ ግን ባለሙያ አስተርጓሚ እንዲጠራ ተቆጣጣሪሽን ጠይቂ። አንድ ቃል ብታሳስቺ ኃላፊነቱ ካንቺ አቅም በላይ ነው።

የቀረውን ባጭሩ። ስልክሽ ኪስሽ ውስጥ ይቆይ፤ ለጥሪ ብቻ ይውጣ። ከሕክምና ክፍሉ ፎቶ አይለጠፍም፣ የተጫዋቹ ፊት ባይታይም። ተጫዋቾቹን በማኅበራዊ ሚዲያ አትከተዪ። ከዩኒቨርሲቲ ቡድን ጋር ስትመደቢ ደግሞ እኩዮችሽ ናቸው፤ አንዱ ቢያምርሽም ታካሚሽ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ። ጥፍርሽ አጭር ይሁን፤ ቴፕ ስትጠቀልዪ ቆዳ ይጭራል።

አንድ የወረቀት ነገር። አገር ቤት ከተወለድሽ የቢሲጂ ክትባት ወስደሽ ይሆናል። የቲቢ ምርመራ በቆዳ ሲሠራ በዚያ ምክንያት ሊያብጥና «አለብሽ» ሊያሰኝ ይችላል። የደም ምርመራውን ጠይቂ፤ እሱን ቢሲጂ አያሳስተውም። በዚህ ምክንያት ልምምዷ የዘገየባት ተማሪ አውቃለሁ።

አባትሽን በተመለከተ፣ አትፈሪበት። ለእሱ ወጌሻ ማለት ስብራት የሚጠግን፣ ክለቡ ሲጫወት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሜዳ የሚገባ ሰው ነው። ተሳሳተ አልልም። የጎደለውን ጨምሪለት። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ሙያሽን በ1990 የጤና ሙያ ብሎ እንዳወቀው ንገሪው። ማስተርስ እንደሚጠይቅ፣ ከዚያ አገር አቀፍ ፈተና እንዳለው፣ ከካሊፎርኒያ በቀር በሁሉም ስቴት በህግ እንደሚተዳደር ንገሪው። ብዙ አባቶች የጂም አሰልጣኝ ነው ብለው ያዝናሉ። ያንቺው ቢያንስ ወደ ሕክምናው ጠጋ ብሏል።

ሰኞ ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ግቢ። ተቆጣጣሪሽን ብቻዋን አግኚያት። እንዲህ በያት፦ «ግምገማዬን አነበብኩት። ያን ቀን ለአሰልጣኙ መመለስ ነበረብኝ፤ ልጁንም መተው አልነበረብኝም። ሌላ ሜዳ ስትሄጂ ግን እንዴት ልጥራሽ? ሬዲዮ ማግኘት እችላለሁ?» ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያት። ያለችሽን ጻፊልኝ፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚደረገውን አብረን እናያለን።