«ልጅሽ ምን ይችላል?» ተብላ ለተቆጣችው እናት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበትን ልጅሽን ይዘሽ ምክር ፍለጋ ብትሄጂ፣ አማካሪዋ የሚያቅተውን ትታ «ምን ይችላል? ምን ያስደስተዋል?» ብላ ጠየቀችሽ፤ አንቺም «ቀልድ ነው? ልመለስ ወይስ ልተወው?» ብለሻል። እኔ ተመለሺ ባይ ነኝ፤ ከሰው ጉድለት ሳይሆን ከጥንካሬው የሚነሣ የምክር አሠራር ነው፣ እኛም አይተነዋል። የእኔዋ ልጅ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አትራመድም፣ ንግግሯም ለእኛም ቢሆን ሁልጊዜ አይገባንም።

ጥያቄው የሚጠቅመው ግን መልሱ ሥራ ላይ ከዋለ ነው። «ጎበዝ ልጅ ነው፣ አንቺም ጠንካራ ነሽ» ብላ ከሸኘችሽ ምርቃት እንጂ ምክር አይደለም። የእኛዋ አማካሪ ዝርዝር ነበር የምትፈልገው፦ መቼ ትነቃቃለች? ማን ሲመጣ? የት ስትቀመጥ? ልጄ እናቴ ሱቅ ውስጥ ነበር የምትውለው። ልብ ብለን ስናይ፣ ማን ምን በዱቤ እንደወሰደ ታውቃለች ለካ! ባለዕዳው ብቅ ሲል ደብተሩ ያለበትን መሳቢያ እያየች ትጮኻለች። ከዚያ ተነሥተን የስኳር፣ የዘይትና የሳሙና ማሸጊያ ቆርጠን ካርቶን ላይ ለጠፍን፤ የምትፈልገውን በዓይኗ ትጠቁም ጀመር። ቆይቶ «አመመኝ» እና «ተዉኝ» የሚሉ ሥዕሎች ጨመርን። አሁን የምታበዛው «ተዉኝ»ን ነው፤ ዕድሜዋ አይደል!

አማካሪዋ ቤተሰቡንም የያዘችው እንደዚያው ነው። እናቴ «ጠበል ካልወሰድናት» ትል ነበር። አማካሪዋ አልተከራከረቻትም። «ስትሄዱ ማን ይሸከማታል? ቤቱን ማን ይጠብቃል? የትራንስፖርቱን ማን ያግዛል?» አለቻት። «ማንም የለንም» ሲባልበት በኖረ ቤት የባለቤቴ ወንድም፣ አንድ የጎረቤት ወጣትና ሁለት የዕድር ሴቶች ተገኙ፤ ዛሬ ፊዚዮቴራፒ በተራ የሚወስዷት እነሱ ናቸው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቷ ግን ጠበል ተጀመረ ተብሎ እንዳይቋረጥ አጥብቃ ነግራናለች። የልጅሽ ሐኪም መድኃኒት አዞ ከሆነ አንቺም በዚህ አትደራደሪ።

አሠራሩ ማባበያ እንዳይመስልሽ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ኖሮባቸው ከሆስፒታል ውጭ ለሚኖሩ ሰዎች ሲሠሩበት የዳበረ ነው። ሐዘንሽን ዋጪው ማለትም አይደለም፤ እኔ አማካሪዋ ክፍል ውስጥ ብዙ አልቅሻለሁ።

«የትነበርሽ ንጉሤን አታዪም?» የሚልሽም አይጠፋም። ዓይነ ስውር ሆና የሕግ ባለሙያ የሆነች፣ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘች ሴት ናት፤ አከብራታለሁ። ግን ልጅሽ በእሷ አይለካም። ማንኪያ በራሱ ቢይዝ አንቺ ወጡ ሳይቀዘቅዝ በላሽ ማለት ነው፤ ለቤትሽ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ደግሞ የትምህርት ቤቱን የፎቅ ደረጃ የትኛውም ጥንካሬ አይወጣውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ይላል፤ ስለዚህ አማካሪሽን «አብረሽኝ ርዕሰ መምህሩ ጋ ትሄጃለሽ?» በያት። የእኛዋ ሄዳ የልጄ ክፍል ወደ ምድር ቤት ወርዷል። እምቢ ካለችሽ ሌላ አማካሪ ብትፈልጊ አልፈርድብሽም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አባቱንም ይዘሽ ሂጂ፤ አንቺ ሳትኖሪ ልጁ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው እሱ ነው። የሥዕል ሰሌዳ ከሠራችሁ ደግሞ ካርቶኑን በሚያሳይ ፕላስተር ሸፍኑት፤ ምራቅ ቶሎ ያበሰብሰዋል።