ሶፍትዌሩ ይቆይሽ፣ መጀመሪያ ፈቃዱን ማንበብ ተማሪ

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በሃይድሮሊክ ምህንድስና ተመርቃ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አማካሪ ድርጅት ለአራት ዓመት የመንገድ ድሬኔጅ ሠርታለች። አሜሪካ ከመጣች ወዲህ ግን ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። የመሬት ልማት ኩባንያዎች ስቶርምዋተር፣ ማለትም ከግንባታ ቦታ የሚወጣውን የዝናብ ውሃ አያያዝ የሚያውቅ ሰው እንደሚፈልጉ አይታለች። አንድ የግል ማሠልጠኛም ሦስት ሶፍትዌርና የፈቃድ ሥልጠና በአንድ ጥቅል ሊሸጥላት ነው። «ልክፈል ወይስ ማስተርስ ልማር?» ትላለች።

እህቴ፣ ለጥቅሉ አትክፈይ። ማስተርሱም ይቆይሽ።

አንቺ የጎደለሽ ስሌት አይደለም። የጎርፍ መጠን የሚሰላባቸውን ራሽናል ፎርሙላና ከርቭ ነምበር፣ የቱቦና የከልቨርት መጠን ማውጣቱን አገር ቤት ሠርተሽበታል፤ እዚህም የሚሠራበት እሱው ነው። የሚለወጠው መለኪያው ነው። በራሽናል ፎርሙላው ሄክታርና ሚሊሜትር በሰዓት ይዘሽ ለ360 ታካፍይ የነበረው፣ ኤከርና ኢንች በሰዓት ስታስገቢ ማካፈሉ ይቀርና መልሱ በኪዩቢክ ፊት በሰከንድ ይወጣል። አንድ ኤከር 43,560 ስኩዌር ፊት ነው። ይህን ቁጥር በቃልሽ ያዢው፣ በየቀኑ ያስፈልግሻል።

ትልቁ ልዩነት ሌላ ቦታ ነው። የመንገድ ድሬኔጅ ስትሠሪ ጭንቀትሽ ውሃው መንገዱን ሳይበላ ቶሎ እንዲያልፍ ነበር። እዚህ ጥያቄው ይገለበጣል፦ ከግንባታው በኋላ ውሃው ከቦታው ምን ያህል ይወጣል? በምን ፍጥነት? ምን ይዞ? ምክንያቱ የአካባቢው ወንዞች የሚፈሱበት የባሕር ወሽመጥ፣ ቼሳፒክ ቤይ ነው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ኢፒኤ፣ በ2010 መጨረሻ ወደ ቤዩ የሚገባው ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ደለል ላይ ገደብ ጣለ፤ ገደቡ ስድስት ስቴቶችንና ዲሲን ይመለከታል። ስለዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የሱቅ ወይም የመኖሪያ ቤት ፕላን ሲመዘን ጎርፉ ብቻ ሳይሆን ከአንድ ኤከር በዓመት ስንት ፓውንድ ፎስፎረስ እንደሚወጣም ይሰላል። ይህን የሚያሰላው መሣሪያ ውድ ሶፍትዌር አይደለም። የስቴቱ የአካባቢ መሥሪያ ቤት፣ ዲኢኪው፣ በነጻ የሚሰጠው የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው፤ ራንኦፍ ሪዳክሽን ሜተድ ይሉታል። ድልድዩን ተሻግረሽ ዲሲ ስትገቢ ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው። ከ2013 ጀምሮ 5,000 ስኩዌር ፊትና ከዚያ በላይ መሬት የሚነካ ትልቅ ግንባታ የ1.2 ኢንች ዝናብ ውሃን እዚያው ቦታው ላይ ማስቀረት አለበት። ቁጥሩን ሶፍትዌሩ ያወጣል፣ የትኛው ቁጥር እንደሚፈለግ የሚወስነው ግን ለግንባታው የሚሰጠው የዝናብ ውሃ ፈቃድ ነው። ሲቪል ስሪዲ የሚሉትን የዲዛይን ሶፍትዌር አቀላጥፎ የሚሠራ ብዙ ሰው አለ። ፈቃዱን አንብቦ «ይህ ሳይት ይህን ይህን ማሟላት አለበት» የሚል ሰው ግን ያንን ያህል አይገኝም። አንቺ ያንን ሰው ሁኚ።

የሕጉ ግንድ የ1972ቱ ክሊን ዋተር አክት ነው። በፌዴራል ደረጃ አንድ ኤከርና ከዚያ በላይ የሚቆፍር ግንባታ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ስዊፕ የሚሉትን የብክለት መከላከያ ዕቅድ ማዘጋጀትም ግዴታው ነው። በየአካባቢው ደንብ ፈቃድ የሚያስጠይቀው ስፋት ከዚያም ያንሳል። ሜሪላንድ ላይ 5,000 ስኩዌር ፊት ሲሆን ፌርፋክስ ካውንቲ ላይ 2,500 ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «ሳይቱ የት ነው?» ብለሽ መልሰሽ ብትጠይቂ፣ ሥራው እንደገባሽ ጠያቂው ወዲያው ያውቃል።

እዚህ ላይ ስለዚያ ጥቅል አንድ ነገር ልበልሽ። ቨርጂኒያ የአፈር መሸርሸርና የዝናብ ውሃ ሕጎቿን አዋህዳ አዲሱን ሥራ ላይ ያዋለችው ጁላይ 1 ቀን 2024 ነው። የቴክኒክ መመሪያ መጽሐፉም አብሮ ተለውጧል። ማሠልጠኛውን «ትምህርታችሁ በየትኛው ሕግ ላይ የተዘጋጀ ነው? ስጨርስ ዲኢኪው የሚቀበለው የምስክር ወረቀት አገኛለሁ?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። መልሳቸው ከተድበሰበሰ ገንዘብሽን ያዢ። ስደተኛ ባለሙያ ተስፋው ላይ ሲነገድበት ማየት ያመኛል።

እኔ ብሆን የምጀምረው ኢፒኤ ለኮንስትራክሽን ኢንስፔክተሮች በኢንተርኔት ከሚሰጠው ነጻ ኮርስ ነው። ዲሲ ውስጥ በቀጥታ የሚሠራው የኢፒኤ ፈቃድ ስለሆነ እዚያ ትጠቀሚበታለሽ። አንድ ሳይት በየሰባት ቀኑ፣ ወይም በየአሥራ አራት ቀኑና ሩብ ኢንች ዝናብ ከጣለ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ መታየት እንዳለበት፣ ምን እንደሚመዘገብ፣ ጉድለት ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ። ቀጥሎ የቨርጂኒያው ሪስፖንሲብል ላንድ ዲስተርበር አለልሽ። መሬት የሚቆፍር ግንባታ የሚያካሂድ በአብዛኛው ይህ ምስክር ወረቀት ያለው ኃላፊ ሰው መሰየም ስላለበት ለትንንሽ ተቋራጮች ጭምር ይጠቅማል። ከዚያ የዲኢኪው የኢንስፔክተር ምስክር ወረቀት ይመጣል። የፕላን ሪቪውሩ፣ ማለትም የፕላን መርማሪው ምስክር ወረቀት፣ ከሥራ በኋላ ይደረስበታል።

ፍላጎትሽ ቢሮ ውስጥ ዲዛይን መሥራት እንደሆነ ጽፈሻል። ይገባኛል። እኔ ግን በኢንስፔክተርነት ግቢ እላለሁ፣ እንደ ማጽናኛም አትይብኝ። ሲልት ፌንስ የሚሉት ያ ጥቁር ጨርቅ ግርጌው ካልተቀበረ ውሃው በሥሩ ሾልኮ ደለሉን ጎረቤት ግቢ ሲያራግፍ ያየ ሰው፣ በኋላ ፕላን ሲስል የት እንደሚያስቀምጠው አይሳሳትም። ባዮሪቴንሽን የሚሉት የማጣሪያ አትክልት ቦታ፣ ግንባታው ሳይጠናቀቅ አፈሩ በማሽን ከተጠቀጠቀ ወይም ደለል ከገባበት ውሃ ማስረግ ያቆማል፤ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ሥራው ይበላሻል። ይህን ወረቀት አያስተምርሽም። ሳይት ላይ ሴት ብቻሽን የምትሆኚበት ቀን ይኖራል። ቡትሽንና ሄልሜትሽን አድርገሽ፣ የፈቃዱን ገጽ ይዘሽ ስትናገሪ የሚከራከሩት ከደንቡ ጋር ይሆናል።

የመንጃ ፈቃድሽን ጉዳይ አልጻፍሽልኝም። ለኢንስፔክተር ሥራ ከዲግሪው እኩል ይጠየቃል፤ ቅጣት ካለብሽ ከአሁኑ ጨርሺው።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ፣ ስዊም የሚሉት የኢፒኤ የዝናብ ውሃ ማስያ ሶፍትዌር ነጻ ነው፣ አውርጂው። የዝናብ መጠኑን ከፌዴራሉ የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት፣ ከኖኣ፣ አትላስ 14፣ የአፈሩን ዓይነት ከግብርና መሥሪያ ቤቱ ዌብ ሶይል ሰርቬይ ታገኛለሽ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ሲቪል ስሪዲን በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ በኖቫ፣ አንድ ኮርስ ተመዝግበሽ በተማሪ ፈቃድ መለማመድ ይቻላል። ከዚያ ሥራ እስክታገኚ አንድ ነገር ሥሪ፦ የምታውቂውን አንድ የፓርኪንግ ቦታ ውሰጂ። ስፋቱን ከካውንቲው ካርታ ለኪ፣ የአሥር ዓመቱን ዝናብ፣ ማለትም በአማካይ በአሥር ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን ከባድ ዝናብ፣ አውጪ፣ የሚወጣውን ውሃ አስዪ፣ የዲኢኪውን ሠንጠረዥ ሙዪ፣ ፎስፎረሱን ለመቀነስ የት ምን እንደምታደርጊ በሁለት ገጽ ጻፊ። ለቃለ መጠይቅ ይዘሽው ሂጂ።

ሲቪሽ ላይ የአዲስ አበባውን ሥራ አታሳጥሪው። «ድሬኔጅ» ብቻ ብለሽ አትለፊ፤ ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ምን ያህል ተፋሰስ፣ በየትኛው ዘዴ እንዳሰላሽ ጻፊ፣ ርቀቱንና ስፋቱንም ወደ ማይልና ኤከር ለውጪ። የዲግሪሽን ግምገማ የመሐንዲሶችን ፈተና በሚያዘጋጀው ድርጅት፣ በኤንሲኢኢኤስ፣ አስጀምሪና ኤፍኢ ለሚሉት የመጀመሪያው የመሐንዲስነት ፈተና አንብቢ፤ የመሐንዲስነት ፈቃዱ መንገድ በዚያ ነው። ማስተርሱን አሠሪሽ የሚከፍልልሽ ጊዜ ሲመጣ እናወራበታለን፤ የካውንቲ መሥሪያ ቤቶች የትምህርት ድጎማ ይኑራቸው አይኑራቸው ስትቀጠሪ ጠይቂ።

ማስታወቂያ ስትፈልጊ «ስቶርምዋተር መሐንዲስ» በሚለው ብቻ አትወሰኚ። ሳይት ኢንስፔክተር፣ ኢንጂነሪንግ ቴክኒሺያን፣ ኢሮዥን ኤንድ ሴዲመንት ኮንትሮል ኢንስፔክተር የሚሉትንም እይ። ፌርፋክስ፣ አርሊንግተን፣ የአሌክሳንድሪያ ከተማና ወንዙን ተሻግሮ ሞንትጎመሪ የየራሳቸው የቅጥር ገጽ አላቸው፤ በአራቱም ላይ ለእነዚህ ስሞች የኢሜይል ማሳወቂያ አስመዝግቢ። ሁለቱን ገጽ ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አይቼ እመልስልሻለሁ።