ሁለተኛውን የኮሮና ክትባት ዙር አሁን ወይስ ለኦሚክሮን የሚሆነው ሲመጣ? ከአራዳ የክትባት ድንኳን በታኅሣሥ 2014 የተጻፈ ምላሽ

ጠያቂዋ እህታችን፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የ68 ዓመት እናትዎ የመጀመሪያውን የአስትራዜኒካ ክትባት በሚያዝያ 2013 ወስደው፣ ሁለተኛው በቀጠሮው ቀን ሳይገኝ ቀርቶ፣ ኋላ ሲገኝ ደግሞ እሳቸው እግራቸውን ታመው ይኸው ታኅሣሥ 2014 መድረሱን ጽፈዋል። አሁን ኦሚክሮን የተባለው አዲስ የኮሮና ቫይረስ ዝርያ ክትባቱን ያልፈዋል ሲባል ስለሰሙ፣ «ለእሱ የሚሆነው እስኪመጣ ብንጠብቅስ? ስምንት ወር ካለፈስ እንደገና ከአንድ መጀመር የለባትም ወይ?» ብለዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ። ካለፈው ዓመት መጋቢት ጀምሮ አራዳ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ግቢው ውስጥ በተተከለ ድንኳን ስከትብ ቆይቻለሁ፤ የምጽፈውም እዚያ ተቀምጬ ያየሁትን ነው።

መልሱን ላስቀድም፦ እናትዎ ሁለተኛውን በዚህ ሳምንት ይውሰዱ። ከአንድ መጀመር አያስፈልግም፤ የዘገየ ሁለተኛ ዙር በተገኘበት ቀን ይሰጣል እንጂ የመጀመሪያው አይሰረዝም።

ለመጠበቅ ሁልጊዜ ምክንያት አይጠፋም። ክትባቱ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል በይፋ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ነበር፤ ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብላ ዴንማርክ ከደም መርጋት ጋር በተያያዘ ስጋት ያንኑ አስትራዜኒካ ለጊዜው አቁማ ነበር፤ በሚቀጥሉት ቀናትም ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተከተሏት። ስለዚህ ሥራ በጀመርንባቸው ሳምንታት ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ስልኩን እያሳየ «ነጮቹ ራሳቸው የተዉትን ለእኛ?» ይለን ነበር። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መጋቢት 9 ቀን የክትባቱ ጥቅም ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ሲያስታውቅ፣ ያ ዜና የመጀመሪያውን ያህል ከቤት ቤት አልዞረም። ቀጥሎ «የቻይናው ሲመጣ እወስዳለሁ» የሚል፣ የቻይናው ሲመጣ «እሱን አላምነውም፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጋውን እጠብቃለሁ» የሚል መጣ። ከዚያ ደልታ የተባለው ዝርያ መጣና «ይህ ክትባት ለድሮው ነው» ተባለ። የዛሬው የኦሚክሮን ጥያቄ ለእኔ አራተኛው ወይም አምስተኛው ዙር ነው።

በዚህ ግን ጥፋቱን ሁሉ በሕዝቡ ላይ ብጭን ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። የካቲት 28 ቀን 2013 ክትባትን ለአገሮች በሚያከፋፍለው ዓለም አቀፍ ጥምረት በኮቫክስ በኩል የገባው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ክትባት የተመረተው ሕንድ ነበር፤ ሕንድ በራሷ ወረርሽኝ ተጨንቃ ወደ ውጭ መላኩን ስታቆም፣ በእጃችን ካርድ ላይ የጻፍነው የሁለተኛ ዙር ቀጠሮ ባዶ ቃል ሆነ። በቀኑ ካርዱን በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የመጡ እናቶችን «አልመጣም፣ እንደውላለን» ብዬ መልሻለሁ። አንድ ጊዜ ከበር የተመለሰ አዛውንት ለሁለተኛ ጊዜ ታክሲ ተጋፍቶ አይመጣም። የእናትዎም ታሪክ የዚሁ አካል ይመስለኛል።

የራሴንም ልናገር። ስኳር ያለበት የ61 ዓመት አጎቴ ዶሮ ማነቂያ ይኖራል። በግንቦት 2013 ተራው ደርሶት «ይህንን ልውሰድ ወይስ አንድ ጊዜ የሚወጋውን ልጠብቅ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ከማመላለስ በሚል የዋህነት «እንግዲያውስ ጠብቅ» አልኩት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጋው ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በሐምሌ ሲገባ እሱ ለዘመድ ሠርግ ክፍለ ሀገር ሄዶ ነበር። በነሐሴ ተመልሶ ታመመ፤ 11 ቀን ኦክስጅን ላይ ቆየ። ዛሬ በሕይወት አለ፣ ተመስገን፤ ነገር ግን ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ የሚወጣውን የቸርችል ዳገት ሁለት ጊዜ ቆሞ ሳያርፍ አይጨርሰውም። እሱ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ «ጠብቅ» የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣሁም።

አሁን ወደ ዝርያው ልምጣ። ደቡብ አፍሪካ አዲሱን ዝርያ ለዓለም ጤና ድርጅት ያሳወቀችው ኅዳር 15 ቀን ነው፤ ድርጅቱ ከሁለት ቀን በኋላ አሳሳቢ ከሚባሉት መድቦ ኦሚክሮን አለው። (በግሪክ ፊደል ተራ «ኑ» እና «ዢ» የሚባሉት ይቀድሙት ነበር፤ የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ «አዲስ» ከሚለው ጋር ስለሚምታታ፣ ሁለተኛው የብዙ ሰው የቤተሰብ ስም ስለሆነ ተዘለሉ።) ዜናው እኛ ሰፈር የደረሰው ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ ያቃጠልንበት ጭስ ከልብሳችን ሳይለቅ ነበርና፣ ትልልቆቹ ወዲያው በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆተውን የኅዳር በሽታ አነሡ። ፍርሃቱ ከየት እንደሚመጣ ስለምረዳ በማንም አልስቅም፤ የኅዳር በሽታ በገባበት ጊዜ ግን ሊወስዱት ወይም ሊያቆዩት የሚችሉት ክትባት አልነበረም።

ቫይረስ ራሱን የሚያባዛው የራሱን ጽሑፍ እየገለበጠ ነው። ብራና ላይ ሲገለብጥ የዋለ ቁም ጸሐፊ አልፎ አልፎ ሆሄ እንደሚስት፣ ቫይረሱም ይስታል፤ አብዛኛው ስሕተት ፋይዳ የለውም፣ ጥቂቱ ግን መተላለፉን ያቀልለታል። ኦሚክሮንን ልዩ ያደረገው ከ30 በላይ የሆኑ ስሕተቶች ቫይረሱ ሰውነታችን ላይ በሚጣበቅበት እሾህ መሰል ፕሮቲን ላይ መከማቸታቸው ነው፤ ክትባቱም ሰውነትን የሚያስተምረው ያንኑ ክፍል ነው። ስለዚህ «ያልፈዋል» የሚለው ወሬ ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ ቀድመው የሚገጥሙት ፀረ እንግዳ አካላት የተለወጠውን ክፍል በደንብ ስለማያውቁት የተከተበ ሰውም ይያዛል። ሆኖም ሰውነት ሌላ ዘብ አለው፤ የታመመውን ሕዋስ ለይተው የሚያጠፉት የመከላከያ ሕዋሳት የፕሮቲኑን ብዙ ቁርጥራጮች ስለሚያውቁና አብዛኞቹ ቁርጥራጮች ስላልተለወጡ፣ በሽታው ወደ ሳንባ ወርዶ ሰው ከማጣጣሩ በፊት ይደርሱለታል። እናትዎን የምንከትበው ጉንፋን እንዳይነካቸው ሳይሆን ኦክስጅን ፍለጋ ሌሊት ከሆስፒታል ሆስፒታል እንዳትዞሩ ነው። አንድ ዙር ብቻ የወሰደ ሰውነት ደግሞ ትምህርቱን በግማሽ ያቋረጠ ነው።

ፋይዘርና ሞደርና ለኦሚክሮን የተስማማ ክትባት እየሠሩ መሆናቸውን ተናግረዋል፤ ይሠሩታልም ብዬ አምናለሁ። ግን የመጀመሪያው ክትባት ሀብታሞቹ አገሮች ዘንድ ስንት ወር ቆይቶ እንደደረሰን አይተናል። አዲሱ ቦሌ እስኪደርስ እናትዎ ማንን ይዘው ይቆያሉ?

ኦሚክሮን «ቀላል ነው አሉ» ስለሚባለው አጭር ነገር ብቻ ልጨምር። በዚህ ሰሞን ከተማው ሁሉ ጉንፋን ይዞት እየሳለ ነው፤ ረዳቱም ተሳፋሪውም ይስላል። ከመቶ ሰው የሚጠናበት ጥቂት ቢሆንም እንኳ፣ መቶው በአንድ ሳምንት ከታመመ አልጋው አይበቃም። «ምርመራዬ ኦሚክሮን ነው የሚለው?» ብለው የሚጠይቁኝም አሉ፤ የተለመደው ምርመራ ቫይረሱ መኖሩን እንጂ ዝርያውን አይነግርም፤ ዝርያው የሚለየው በሌላ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፣ ለታማሚው የሚደረገው እንክብካቤም በዚያ አይለወጥም። ዝንጅብሉንና ነጭ ሽንኩርቱን እናትዎ ከወደዱት ይጠጡት፤ ከክትባቱ ጋር አይጣላም።

ሲመጡ የሚጠቅምዎን ልንገርዎ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዱ ብልቃጥ ለ10 ሰው ነው፤ ከተከፈተ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰው ብቻ ሲመጣ ስምንቱን መጣል እያሳዘነን «ነገ ጠዋት ቢመጡ» የምንለው ለዚህ ነው፤ ስለዚህ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ይዘዋቸው ይምጡ፤ ወንበር ስላለ እግራቸው አይጎዳም። ካርዳቸውን ይያዙ፤ ከጠፋም በተመዘገቡበት ስልክ ቁጥር ከመዝገብ ይፈለጋል። በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ፣ በተለይም ደም የሚያቀጥን ከሆነ፣ ወይም ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ያስቸገራቸው ነገር ከነበረ፣ ከመወጋታቸው በፊት ለባለሙያው ይንገሩ። አስትራዜኒካ በዚያ ቀን ከሌለ ዝም ብለው አይመለሱ፤ ካለው ዓይነት የትኛው እንደሚሰጣቸው ይጠይቁ። ከተወጉ በኋላ 15 ደቂቃ እዚያው ይቀመጣሉ። ማታ ክንዳቸውን ቢያማቸው ወይም ትንሽ ቢያተኩሳቸው ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ካለፈ ግን ወደ ነፃው የኮሮና የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ።